ያውቁ ኖሯል? ካንሰር ከመድረሱ በፊት በዘረ መል ላይ ስለሚታየው ምልክት

ገነተ ማርያም ከላሊበላ በስተምሥራቅ፣ በላስታ ደጋ ላይ የምትገኝ ስፍራ ናት። በ13ኛው መቶ ዘመን ከአንድ አለት የተፈለፈለውን ቤተ ክርስቲያኗን ለማየት ሰው ከሩቅ ይመጣል። በዙሪያዋ የሚኖሩ እናቶች ግን ለሕክምና የሚሄዱት በተቃራኒው አቅጣጫ ነው፤ ወደ ላሊበላ፣ ወደ ወልድያ፣ ወደ ደሴ፣ ሲብስም ወደ አዲስ አበባ። የዛሬውን ዓምድ ለእነሱ አድርገነዋል። የማኅፀን በር ካንሰር ለዓመታት በዘረ መል ላይ ምልክት እየሰጠ የሚመጣ በሽታ ነው፤ ምልክቱ በጊዜ ከታየ ደግሞ ይድናል።

ስለ በሽታው

• በኢትዮጵያ ሴቶችን ከሚያጠቁ ካንሰሮች መካከል ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ሁለተኛው የማኅፀን በር ካንሰር እንደሆነ ያውቁ ኖሯል? እ.ኤ.አ. ለ2022 በወጣው ዓለም አቀፍ ግምት መሠረት በአገራችን በዓመት 8 ሺህ ያህል ሴቶች በበሽታው ይያዛሉ፤ 6 ሺህ ያህል ደግሞ ይሞቱበታል።

• በዚያው ዓመት በመላው ዓለም 660 ሺህ ያህል ሴቶች ታመዋል፤ 350 ሺህ ያህል ሞተዋል። ከሟቾቹ 94 በመቶዎቹ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚኖሩ ነበሩ። ክትባትና ምርመራ በደረሰበት አገር በሽታው እየጠፋ ነው፤ ባልደረሰበት አገር እናቶችን ይገድላል።

• እ.ኤ.አ. በ1842 ሪጎኒ ስተርን የተባለ ጣሊያናዊ ሐኪም የቬሮና ከተማን የሞት መዛግብት ሲያገላብጥ አንድ ነገር አስተዋለ። የማኅፀን ካንሰር ባለትዳሮችን ሲገድል መነኮሳይያትን ግን እምብዛም አይነካም ነበር። በሽታው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ከሚተላለፍ ነገር ጋር ሊያያዝ እንደሚችል የጠቆመ የመጀመሪያው ፍንጭ ይህ ነበር።

• የፍንጩ መልስ የተገኘው ከ141 ዓመት በኋላ ነው። ጀርመናዊው ሳይንቲስት ሃራልድ ዙር ሃውዘን እ.ኤ.አ. በ1983 ከማኅፀን በር ካንሰር ውስጥ ሂውማን ፓፒሎማ ቫይረስ (ኤች ፒ ቪ) ዝርያ 16ን፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ 18ን ለየ። እ.ኤ.አ. በ2008 የኖቤል ሽልማት ተሸለመ።

• የቫይረሱ ዝርያዎች ከ200 በላይ ናቸው። ካንሰር የማምጣት ኃይል ያላቸው ግን 14 ያህሉ ብቻ ናቸው። ከእነሱም ሁለቱ፣ ማለትም 16 እና 18፣ ከማኅፀን በር ካንሰሮች 70 በመቶ ያህሉን ያመጣሉ።

• በቫይረሱ መያዝ የሚያሳፍር ነገር እንዳልሆነ ያውቁ ኖሯል? ግብረ ሥጋ ግንኙነት ከሚፈጽሙ ወንዶችና ሴቶች አብዛኞቹን በሕይወታቸው አንድ ጊዜ ይይዛቸዋል። ከአንድ ባሏ ሌላ ወንድ የማታውቅ ሴትም ትያዛለች። «ምን አድርጋ ነው?» የሚለው ሐሜት ስንቷን ሴት ከምርመራ አስቀርቷል! ሐሜቱ ከእውነት የራቀ ስለሆነ ልንተወው ይገባል።

• ቫይረሱ ከያዛቸው ሴቶች 90 በመቶ ያህሉን ሰውነታቸው በሁለት ዓመት ውስጥ ራሱ ያጸዳላቸዋል። ቫይረሱ የማይለቃቸው ሴቶች ግን አሉ፤ አደጋው ያለው በእነሱ ላይ ነው።

• ቫይረሱ ከገባ በኋላ ካንሰር እስኪሆን አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይወስዳል። የሰውነት መከላከያ አቅሟ በተዳከመ ሴት ላይ ግን ከ5 እስከ 10 ዓመት ሊበቃው ይችላል። ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ ሴቶች በዚህ ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከሌሎች ሴቶች በ6 እጥፍ የላቀ ነው።

ስለ ምልክቱ

• በእያንዳንዱ ሕዋሳችን ውስጥ ያለው የዘር ጽሑፍ፣ ዲ ኤን ኤ የምንለው፣ በአራት ፊደላት ብቻ የተጻፈ ሲሆን ርዝመቱ 3 ቢሊዮን ፊደል ያህል ነው። የዓይን ሕዋስም የማኅፀን በር ሕዋስም የሚይዙት ያንኑ ጽሑፍ ነው። አንዱን ከሌላው የሚለየው ከጽሑፉ የትኛው ክፍል ይነበባል፣ የትኛው ይዘለላል የሚለው ነው።

• ድጓ ገልጠው ያዩ ሰዎች ከቃሉ በላይ ደቀቅ ብለው የተጻፉትን የዜማ ምልክቶች ያውቋቸዋል። ቃሉ አይለወጥም፤ አባባሉ ግን በምልክቱ ይወሰናል። ሜቲሌሽንም በዲ ኤን ኤ ፊደል ላይ የምትቀመጥ እንዲህ ያለች ምልክት ናት። ፊደሉን ሳትለውጥ ዘረ መሉ እንዲሠራ ወይም ዝም እንዲል ታደርጋለች።

• ምልክቷ ከምን እንደተሠራች ያውቁ ኖሯል? ከአንድ የካርቦን አቶምና ከሦስት የሃይድሮጅን አቶሞች ብቻ ነው። በብዛት የምትቀመጠው ሳይቶሲን በሚባለው ፊደል ላይ ነው፤ ያውም ጓኒን የሚባለው ፊደል ሲከተለው። በሰው ዲ ኤን ኤ ውስጥ እንዲህ ያሉ ቦታዎች 28 ሚሊዮን ያህል ናቸው።

• ንጉሥ ላሊበላ ሲወለድ ንቦች እንደ ከበቡት በላስታ ይተረካል። ንቦች የሜቲሌሽንንም ምሥጢር ገልጠዋል። የንብ ንግሥትና ሠራተኛ ንብ በዘረ መል አንድ ናቸው፤ ንግሥቲቱን ንግሥት የሚያደርጋት በዕጭነቷ የምትመገበው ልዩ ምግብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች በዕጮች ውስጥ የሜቲል ምልክት የሚያኖረውን ኢንዛይም ሲቀንሱት፣ ሠራተኛ ይሆኑ የነበሩት አብዛኞቹ ዕጮች የንግሥት ገጽታ ይዘው አደጉ።

• ሰውነታችን ምልክቷን የሚሠራበት ጥሬ ዕቃ በከፊል ከምግብ ይመጣል። በጎመን፣ በምስርና በባቄላ ውስጥ የሚገኘው ፎሌት የተባለው ቫይታሚን አንዱ ምንጭ ነው። ይሁን እንጂ ክትባትን ወይም ምርመራን የሚተካ ምግብ የለም።

• በጤነኛ ሕዋስ ውስጥ ብልሽትን የሚጠብቁ፣ ያለ ቅጥ መባዛትን የሚከለክሉ ዘረ መሎች አሉ። የእነዚህ ዘረ መሎች መነሻ አብዛኛውን ጊዜ ከሜቲል ምልክት ነጻ ነው። በዚያ ቦታ ምልክቱ ሲከማች ጠባቂው ዘረ መል ዝም ይላል፤ ሕዋሱም ያለ ከልካይ መባዛት ይጀምራል።

• ቫይረሱ ይህን ያለ ከልካይ መባዛት በሁለት ፕሮቲኖች ያግዛል። ኢ 6 የሚባለው ፒ 53 የተባለውን ዋና ጠባቂ ያስወግዳል። ኢ 7 ደግሞ አር ቢ የተባለውን ሌላውን ጠባቂ ከሥራ ውጭ ያደርጋል። ቫይረሱ ለዓመታት ሳይለቅ ሲቆይ የሜቲል ምልክቶቹ እየበዙ ይሄዳሉ፤ የሕዋሱ ለውጥ በከፋ ቁጥርም ምልክቱ ይከፋል።

• ምልክቱ የሚያርፈው በሴቲቱ ዘረ መል ላይ ብቻ እንዳልሆነ ያውቁ ኖሯል? በራሱ በቫይረሱ ዲ ኤን ኤ ላይም ያርፋል። በለንደን የተሠራው ኤስ 5 የተባለ መመዘኛ የአንድ የሰው ዘረ መልንና የአራት የቫይረስ ዝርያዎችን ምልክት አንድ ላይ ይቆጥራል።

ስለ ላብራቶሪው

• ምርመራው የሚጀምረው በትንሽ ብሩሽ ነው። ከማኅፀን በር ላይ ጥቂት ሕዋሳት በብሩሹ ይጠረጉና በፈሳሽ ውስጥ ይቀመጣሉ። ከዚያ ዲ ኤን ኤው ተለይቶ ይወጣል።

• የምርመራው ዋና ብልሃት ባይሰልፋይት የተባለ ኬሚካል ነው። ዲ ኤን ኤው በእሱ ሲታከም ምልክት የሌለበት ሳይቶሲን ተለውጦ ሌላ ፊደል ይሆናል፤ ምልክት ያለበት ግን ሳይለወጥ ይቀራል። ስለዚህ በዓይን የማትታየዋ ምልክት የፊደል ልዩነት ሆና ትወጣለች። ቀሪው ሥራ በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ ስሙን የለመድነው የፒ ሲ አር መሣሪያ ድርሻ ነው፤ ልዩነቱን አባዝቶ ይለካል።

• ለምርመራው የተመረጡት ዘረ መሎች ከተለያዩ አገሮች የመጡ ናቸው። ፓክስ 1 እ.ኤ.አ. በ2008 በታይዋን ተመራማሪዎች ተጠቁሟል። ፋም 19 ኤ 4 እና ሚር 124-2 የተባሉትን ጥንዶች ለምርመራ ያበቁት ደግሞ የአምስተርዳም ተመራማሪዎች ናቸው።

ምን ያህል ይታመናል?

• የአምስተርዳሙ ምርመራ ከ25 በሚበልጡ አገሮች ከተሰበሰቡ 519 የማኅፀን በር ካንሰር ናሙናዎች ውስጥ 98 በመቶ የሚሆኑትን ለይቷል። ካንሰር ያለባት ሴት በዚህ ምርመራ ሳትታወቅ የማለፏ ዕድል እጅግ ጠባብ ነው ማለት ነው።

• የኤች ፒ ቪ ምርመራ ቫይረሱ መኖሩን ይነግረናል። የሜቲሌሽን ምርመራ ደግሞ ቫይረሱ በሕዋሱ ላይ ጉዳት ማድረስ መጀመሩን ይነግረናል። ቫይረሱ ከተገኘባቸው ብዙ ሴቶች መካከል ሐኪም በአስቸኳይ ማየት የሚገባው የትኞቹን ነው ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚገኘው ሁለቱ ምርመራዎች ሲደጋገፉ ነው።

• ከባድ የቅድመ ካንሰር ለውጥ ሳይታከም ቢተው ምን እንደሚሆን ዓለም ያወቀው በሴቶች ላይ በደረሰ በደል እንደሆነ ያውቁ ኖሯል? በኒውዚላንድ፣ ኦክላንድ በሚገኝ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ አንሥቶ ለዓመታት ለውጡ የታየባቸው ሴቶች ተገቢውን ሕክምና ተነፍገው በክትትል ብቻ ተይዘው ነበር። ፈቃዳቸው አልተጠየቀም። ጉዳዩ ይፋ ወጥቶ እ.ኤ.አ. በ1987 እና በ1988 ተመርምሯል። ከዚያ መዝገብ እንደታወቀው ካልታከሙት መካከል በ30 ዓመት ውስጥ 31 በመቶ ያህሉን ካንሰር ይዟቸዋል።

• ይህ ቁጥር ሌላም ነገር ይናገራል። ከባድ ለውጥ የታየባት ሴት ሁሉ ካንሰር አይይዛትም። በኔዘርላንድስ 114 ሴቶች በቅርብ ክትትል ሥር ሆነው ለ24 ወራት ሕክምናቸው ሲዘገይ፣ የሜቲል ምልክት ካልተገኘባቸው መካከል 75 በመቶ በሚጠጉት ላይ ለውጡ በራሱ ጊዜ ቀነሰ። ምልክቱ ከተገኘባቸው መካከል ግን የቀነሰው በ51 በመቶዎቹ ላይ ብቻ ነው። ገና ልትወልድ ለምታስብ ወጣት ሴት አላስፈላጊ የማኅፀን በር ቀዶ ሕክምና ማስቀረት ትልቅ ነገር ነው።

• እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመ የስቶክሆልም ጥናት ከ28 ሺህ በላይ ተመርማሪ ሴቶችን መነሻ አድርጎ ቫይረሱ የተገኘባቸውን በሦስት ዘረ መሎች ሜቲሌሽን ፈትሿል። ምርመራው ከ16 እና ከ18 ዝርያዎች ፍተሻ ጋር ተጣምሮ አስቀድሞ የነበረውን ካንሰር ከመለየቱም በላይ፣ በቀጣዮቹ 6 ዓመታት ከባድ የሕዋስ ለውጥ ካገኛቸው ሴቶች 69 በመቶ የሚሆኑትን ቀድሞ ጠቁሟል። የተለመደው የሕዋስ ምርመራ የጠቆመው 18 በመቶ ያህሉን ነበር።

• በአፍሪካም ተሞክሯል። በቡርኪና ፋሶና በደቡብ አፍሪካ ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ ሴቶች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ኢ ፒ ቢ 41 ኤል 3 የተባለው ዘረ መል ላይ ያለው ምልክት ከቅድመ ካንሰር ለውጥ ጋር አብሮ እንደሚጨምር አሳይቷል።

• ምርመራው አደጋን ይጠቁማል እንጂ ፍርድ አይደለም። ምልክቱ የተገኘባት ሴት ካንሰር አለባት ማለት አይደለም፤ ሐኪም ሳይዘገይ ሊያያት ይገባል ማለት ነው። ምርመራው በአገራችን መደበኛ አገልግሎት ውስጥ ገና አልገባም።

ገነተ ማርያም ላይ ምን ይቻላል?

• ናሙናዋን ሴቲቱ ራሷ፣ በገዛ እጇ መውሰድ እንደምትችል ያውቁ ኖሯል? በቡታጅራ ገጠር በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመ ጥናት፣ ራሳቸው ናሙና እንዲወስዱ ከተጋበዙት ሴቶች 84 በመቶዎቹ ተመርምረዋል። ጤና ተቋም ሄደው በባለሙያ ዓይን እንዲታዩ ከተጋበዙት ግን የተመረመሩት 50 በመቶ ብቻ ነበሩ።

• እንዲህ በግል ከተወሰደ ናሙና ቫይረሱንም የሜቲል ምልክቱንም መመርመር ይቻላል። ስለዚህ ሴቲቱ ሁለት ጊዜ መንገድ መምታት ሳያስፈልጋት ናሙናዋ ብቻ ሊሄድ ይችላል። እንደ ላስታ ባለ አቀበት ቁልቁለት በበዛበት አገር የዚህ ጥቅም ምን ያህል እንደሆነ አገሬው ያውቀዋል።

• የሳንባ ነቀርሳን ለመመርመር በየሆስፒታሉ የተተከለው ጂን ኤክስፐርት የተባለው መሣሪያ ኤች ፒ ቪንም መመርመር ይችላል። የሚያስፈልገው የራሱ መመርመሪያ ካርትሪጅና የሠለጠነ ሰው ነው።

• ዛሬ በጤና ተቋሞቻችን በብዛት የሚሰጠው ምርመራ ከ3 እስከ 5 በመቶ በሆነ አሴቲክ አሲድ የሚደረገው የዓይን ምርመራ ነው። አሲዱ በኮምጣጤ ውስጥ ያለው ያው ነው። ባለሙያዋ የማኅፀኑን በር በፈሳሹ ቀብታ አንድ ደቂቃ ያህል ትጠብቃለች፤ የተለወጠ ቦታ ካለ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ውጤቱ እዚያው ይታወቃል።

• ይህን ቀላል ምርመራ ማንም አይናቀው። በህንድ፣ ሙምባይ 150 ሺህ ያህል ሴቶችን ባካተተ ጥናት በበሽታው የሚሞቱትን በ31 በመቶ ቀንሷል። ምርመራውን ያደረጉትም ሐኪሞች ሳይሆኑ የሠለጠኑ የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞች ናቸው።

• የተገኘው ለውጥ ገና ቅድመ ካንሰር ከሆነ በቅዝቃዜ ወይም በሙቀት ይታከማል። በሙቀት ሲሆን 100 ዲግሪ ያህል የሚሞቅ መሣሪያ ከአንድ ደቂቃ ላነሰ ጊዜ ቦታው ላይ ይደረጋል። ሴቲቱ አልጋ ሳትይዝ በዚያው ቀን ወደ ቤቷ ትመለሳለች።

• ከዘገየ ግን መንገዱ ይረዝማል። የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት በመላ ኢትዮጵያ ይሰጥ የነበረው በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። ከላስታ እዚያ ለመድረስ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛሉ፤ ከዚያም ወረፋ፣ ማደሪያና ስንቅ አለ። አንዲት እናት እንዲህ ያለ ጉዞ ላይ ስትሆን የቀሩት ልጆቿና ማሳዋም አብረው ይጎዳሉ።

• ክትባቱ በኢትዮጵያ በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ጀመረ። በ2017 ዓ.ም. ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉት ሰፍቶ፣ በአንድ ዘመቻ ከ7 ሚሊዮን በላይ ልጃገረዶችን ለመድረስ ታቀደ። የሚወስዱትም አንድ መርፌ ብቻ ነው።

• አንድ መርፌ ይበቃል? ጎረቤታችን ኬንያ ውስጥ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው ጥናት፣ አንድ መርፌ ከ16 እና ከ18 ዝርያዎች በ97.5 በመቶ እንደሚከላከል አሳይቷል። ሩዋንዳ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2011 ክትባቱን በአገር አቀፍ ደረጃ በመጀመር ከአፍሪካ ቀዳሚ ሆናለች።

• ክትባቱ ከትዳር በፊት መሰጠት ያለበት ለምን እንደሆነ ያውቁ ኖሯል? ቫይረሱ ከመግባቱ በፊት ካልሆነ ሙሉ ጥቅሙ አይገኝም። ልጆች ያለ ዕድሜያቸው ሲዳሩ በኖሩባቸው የአማራ ክልል ገጠሮች ይህ ነገር ክብደት አለው። ሕጉ 18 ዓመት ይላል፤ ልጅን ከትምህርት ቤት አለማስቀረት ከዚህም በሽታ ይጠብቃታል።

• ለጸበል የሚሄዱ እናቶች አሉ፤ እምነታቸው ክቡር ነው። ጸበሉ ሐኪም ማየትን አይከለክልም። የደብር አባቶች በዐውደ ምሕረት ቆመው «ልጆቼ፣ ተመርመሩ» ቢሉ፣ ቃላቸው ከየትኛውም ማስታወቂያ የበለጠ ይሰማል።

ዛሬ የሚደረግ

• ከግንኙነት በኋላ ወይም የወር አበባ ከተቋረጠ በኋላ የሚፈስ ደም፣ መጥፎ ጠረን ያለው ፈሳሽ፣ የማይለቅ የታችኛው ሆድና የወገብ ሕመም ካለ ቀን አይቆጠርም፤ ወደ ሐኪም ይኬዳል። ቅድመ ካንሰር ግን ሕመም የለውም። ስለዚህ ደህና ነኝ የምትል ሴት ነች መመርመር ያለባት።

• በአገራችን መመሪያ መሠረት ዕድሜዋ ከ30 እስከ 49 የሆነ ሴት ሁሉ መመርመር ይኖርባታል። ኤች አይ ቪ በደሟ ያለ ሴት ደግሞ ቀደም ብላ ትጀምራለች። የት እንደሚሰጥ የቀበሌዋን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ትጠይቅ። ባሎችም ሚስቶቻችሁ እንዲሄዱ በቃል ብቻ አትፍቀዱ፤ የመንገዱን ስጡ፣ አብራችሁም ሂዱ።

• የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ለ2030 ያስቀመጠው ግብ ሦስት ቁጥሮች አሉት። ከልጃገረዶች 90 በመቶ በ15 ዓመታቸው ተከትበው፣ ከሴቶች 70 በመቶ በ35 እና በ45 ዓመታቸው አስተማማኝ ምርመራ አግኝተው፣ ለውጥ ከታየባቸው 90 በመቶ ታክመው እንዲገኙ ነው።

• በ2018 ዓ.ም. 9 ዓመት የሞላት የገነተ ማርያም ልጅ 30 ዓመት የሚሞላት በ2039 ዓ.ም. ነው። አሁን ከተከተበች ከአደጋው አብዛኛው ከወዲሁ ይቀርላታል። ለቀሪው ደግሞ 21 ዓመት አለን። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሐኪሞቻችን፣ ተመራማሪዎቻችንና በጀት የሚመድቡልን ሰዎች የዘረ መል ምልክት የሚያነበውን ምርመራ ለወረዳዋ ማድረስ ይችላሉ። እናቷ ግን 21 ዓመት መጠበቅ አይኖርባትም፤ የኮምጣጤው ምርመራ ዛሬም አለ።